በፍልሰታ የታጠበው ሶፋ፦ የአንድ ሱሉልታ ክትፎ ቤት ጉዳይ

ለክትፎ ቤት ጾም ማለት ፋታ ነው። ሠራተኛ ፈቃድ ይወጣል፣ ግድግዳ ይቀባል፣ ዓመቱን ሙሉ ያልተነካው ሁሉ ይታጠባል። ሱሉልታ ውስጥ፣ በጎጃም መንገድ ዳር ያለ አንድ ክትፎ ቤትም በዚሁ ልማድ ነሐሴ 3 እና 4፣ ፍልሰታ በገባ በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን፣ ሶፋዎቹን በሙሉ አሳጠበ። ነሐሴ 9 የአዳራሹ በር ሲከፈት ቤቱ የሻገተ ጆንያ ሸተተ። ጾሙ የሚፈታው ነሐሴ 16 ነው፤ በዚያን ዕለት ደግሞ ክትፎ ቤት ባዶ ወንበር አይተርፈውም።

በሳሙናው ምርጫም ስህተት ነበር፤ ወደ እሱ እንመጣለን። ጉዳቱን ያበዛው ግን የታጠበበት ወቅትና የሶፋው አሠራር ነው። ሱሉልታ ከእንጦጦ ጀርባ ከ2,500 ሜትር በላይ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ናት። በነሐሴ ሜዳዋ ውሃ ይቋጥራል፣ አየሩ ራሱ ርጥብ ነው። እዚያ፣ በዚያ ወር፣ የተሰፋ ስፖንጅ ማራስ ቀላል ነው፤ ማድረቁ ነው ጭንቁ።

ዕቃው እንዴት ተሠርቷል

ቤቱ የተዘጋጀ ሶፋ አልገዛም፤ ሁሉንም በትእዛዝ አሠርቷል። አዳራሹ ውስጥ 2 ሜትር ርዝመትና 55 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያላቸው 14 አግዳሚ ሶፋዎች አሉ፣ ከፊታቸው 36 ባለ ስፖንጅ በርጩማዎች። ለቤተሰብ የተለየች አንዲት ክፍል ደግሞ አርቲፊሻል ሌዘር የለበሱ ወንበሮች አሏት። የአግዳሚዎቹ መቀመጫ አረንጓዴ ቬልቬት ነው፣ የድሮ ሰው ከፋይ የሚለው። መደገፊያው ላይ ግን ከሽሮ ሜዳ የተገዛ፣ በነጭ መደብ ላይ ቀይና ቢጫ ጥለት የተጣለበት የሽመና ጨርቅ ተሰፍቶበታል። ያምራል። ለሚያጥበው ሰው ግን አንድ ዕቃ ላይ ሁለት ጠባይ ነው።

ውስጡን ከታች ወደ ላይ ብናየው የባህር ዛፍ ፍሬም፣ 18 ሚሊ ሜትር ቺፑድ፣ አንድ ድርብ ጆንያ፣ በማስቲሽ የተጣበቀ 10 ሳንቲ ሜትር ስፖንጅ፣ ከዚያ ጨርቁ ይመጣል። ጨርቁ ዙሪያውን ከሥር በስቴፕል ተመቷል። ዚፕ የለውም። ስለዚህ ሽፋኑ አይወልቅም፣ ስፖንጁም አይወጣም። ዚፕ ጨርቅም ጊዜም ስለሚጨምር ደንበኛው ካልጠየቀ ሶፋ ሠሪው አያስገባውም፤ ደንበኛው ደግሞ እንደሚያስፈልገው የሚያውቀው ከታጠበ በኋላ ነው።

የታጠበበት መንገድ

በ20 ሊትር ጀሪካን ሁለት ስኒ የዱቄት ሳሙና ተበጠበጠ። ለአንድ አግዳሚ አንድ ጀሪካን እየዋለ፣ በወለል ብሩሽ ተፈትጎ፣ በፎጣ ተጠረገ። የአንዱ መቀመጫ ስፖንጅ 200 በ55 በ10 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ይህ 110 ሊትር ይዘት ነው። 20 ሊትር ውሃ ቢጠጣ ከላይ ምንም አይታወቅበትም፣ እጅ ሲጫነው ብቻ ቀዝቀዝ ይላል። «ጠርገነዋል፣ ደርቋል» የተባለውም ለዚህ ነው።

ሁለተኛው እርምጃ የባሰ ነበር። በመቀመጫው የፊት ጠርዝ ላይ የነበረው ቢጫ የቅቤ እድፍ ሳሙናው ሲነካው ወደ ቀይ ቡናማ ተለወጠ። አጣቢዎቹ እድፉ የባሰበት መሰላቸውና በረኪና ሳይቀጥኑ አፈሰሱበት። ቬልቬቱ ምንም አልሆነም። ይህን አይተው ጥለቱ ላይ የነበረውንም እድፍ በበረኪና መቱት፤ እዚያ ግን ቀዩ ክር ወዲያው ነጣ።

ማታ መስኮቱ ተዘጋ፤ እንዲደርቅ ተብሎም ሁለት የከሰል ምድጃ ገባ። ይህ ከሁሉ የከፋ ነው። በተዘጋ ቤት የሚነድ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመነጫል፣ ሰው ይገድላል። ለስፖንጁም አይበጀውም፤ ላይኛውን ጨርቅ ያሞቃል እንጂ ርጥቡን አየር ከቤት አያወጣም።

ምርመራው

ነሐሴ 9 ላይ የታዩት ነገሮች አምስት ነበሩ፦ ሽታ፣ የመቀመጫውን ዳር ተከትሎ የወጣ ቡናማ መስመር፣ ወደ ነጩ የፈሰሰ የጥለት ቀይ፣ ቀይ ቡናማ የሆነው የቅቤ እድፍ፣ እና ሲነካ የሚያዳልጥ የቬልቬት ገጽ። የአምስቱም መንስኤ ይለያያል። አንዱን የሚያድነው ሌላውን ስለሚያበላሽ ምንም ውሃ ከመነካቱ በፊት ሦስት ቀላል ፍተሻዎች ተደረጉ።

መጀመሪያ የክር ማቃጠል ፍተሻ። ከሥር ከታጠፈው ጨርቅ ላይ ጥቂት ክር ተቆርጦ፣ በመቆንጠጫ ተይዞ፣ ከሳህን በላይ ክብሪት ተጫረበት። የቬልቬቱ ክር ቀልጦ ጠንካራ ጥቁር ጠብታ ሆነ፤ ፖሊስተር ነው። የመደገፊያው ነጭ ክር እንደ ወረቀት ነዶ ግራጫ አመድ ተወ፤ ጥጥ ነው። የበረኪናው ነገር እዚህ ላይ ይፈታል። የፖሊስተር ቀለም በረኪናን በደንብ ይቋቋማል፣ አብዛኛው የጥጥ ክር ቀለም ግን አይችለውም። አጣቢዎቹ የተሳሳቱት ቬልቬቱን አይተው ጥለቱን በመገመታቸው ነው። መርካቶ በሜትር የሚሸጥ የሶፋ ጨርቅ አብዛኛውን ጊዜ የአጠባበቅ ምልክት ስለማይኖረው ይህ የክብሪት ፍተሻ የማንኛውም ሥራ መጀመሪያ ቢሆን ይመከራል።

ሁለተኛው የቀለም ፍተሻ ነው። ነጭ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውሃ ርሶ በማይታይ ቦታ ጥለቱ ላይ ለአንድ ደቂቃ ተጫነ። ቀዩ ለቀቀ፣ ቢጫው አለቀቀም።

ሦስተኛው፣ አግዳሚው ተገልብጦ የሥሩ ጥቁር ጨርቅ በአንድ ጥግ ተከፈተ። ቺፑዱ ከዳር ወደ 2 ሚሊ ሜትር አብጧል። በ5 አግዳሚዎች ጆንያው ላይ ግራጫ ሻጋታ ታየ፤ በ9ኙ ጆንያው ርጥብ ቢሆንም ገና ንጹሕ ነበር። ርጥብ ነገር ላይ ሻጋታ ለመነሣት ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይበቃዋል፤ ስድስት ቀን አልፎት 9ኙ መትረፋቸው ለመስኮት ቅርብ በመሆናቸው ይመስላል።

ቡናማው መስመር ከዚሁ ጆንያ የመጣ ነው። ጆንያ ሲርስ ቡናማ ቀለሙን ይለቃል። ሶፋ የሚደርቀው ከላይ ስለሆነ ውሃው ከሥር ወደ ላይ ሲሳብ ቀለሙን ይዞት ይወጣና ውሃው የሚተንበት ዳር ላይ ይተወዋል። ከላይ በሳሙና ደጋግሞ ማሸት መስመሩን ያሰፋዋል፣ ምክንያቱም ከሥር አዲስ ቀለም ይጠራል።

የቅቤው እድፍ መቅላት ብዙ ሰው ያደናግራል። የክትፎ ቅቤ ሲነጠር ኮሰረትና ኮረሪማ ብቻ አይገባበትም፤ እርድም አለ። የእርድ ቢጫ ቀለም፣ ኩርኩሚን የሚባለው፣ አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ የሆነ ነገር) ሲነካው ይቀላል፣ አሲድ ሲነካው ወደ ቢጫነቱ ይመለሳል። የዱቄት ሳሙና አልካላይን ነው። ስለዚህ እድፉ አልባሰበትም፤ ማንነቱን ነው የተናገረው። ይህን የሚያውቅ ሰው በረኪናውን ባላነሣ ነበር።

የሚያዳልጠው ገጽ ያልታጠበ ሳሙና ነው። ጨርቅ ላይ የቀረ ሳሙና ርጥብ ሳለ ይሙለጨለጫል፣ ሲደርቅ ደግሞ አቧራ ይይዛል። የጎጃም መንገድ የጭነት መኪና ለማይጠፋበት ቤት ይህ ማለት ሶፋው በወሩ ካልታጠበው በላይ ይቆሽሻል ማለት ነው።

የማዳኑ ሥራ፣ ከነሐሴ 10 እስከ 15

ሥራው የተጀመረው በማድረቅ ነው፣ በማጠብ አይደለም። 14ቱም አግዳሚዎች በብሎኬት ላይ ተነሥተው የሥራቸው ጥቁር ጨርቅ በሙሉ ተፈታ። በአካባቢው ክረምት ዝናቡ በብዛት ከሰዓት በኋላ ስለሚጥል በርና መስኮት ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት ተከፈተ፣ ዝናብ ሲመጣ ተዘጋ። ለሦስት አግዳሚ አንድ ቋሚ ማራገቢያ ተመደበና ነፋሱ ወደ ሥራቸው እንዲያልፍ ዝቅ ብሎ ተቀመጠ። እርጥብም ደረቅም በሚስብ ቫኪውም፣ ጠባቡ አፍ ስፖንጁ ላይ በደንብ እየተጫነ፣ ከእያንዳንዱ አግዳሚ ከ3 እስከ 4 ሊትር ቡናማ ውሃ ወጣ። ማሽኑ ያልሳበውን አየር ያወጣዋል፤ ማሽኑ ካልሳበ ግን ማራገቢያ ብቻውን በነሐሴ አይጠቅምም።

ጥለቶቹ በዚያው ቀን ስፌታቸው ተፈትቶ ለብቻ ወጡ። በሰፊ ሳፋ፣ በቀዝቃዛ ውሃና በትንሽ የሳህን ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና፣ ውሃው እስኪጠራ አምስት ጊዜ እየተቀየረ ታጠቡ። ከዚያ በነጭ አንሶላ መካከል ተዘርግተው በጥላ ደረቁ፤ ተሰቅለው ቢሆን ቀዩ ወደ ታች ይወርድ ነበር። ጨው ቀለም ያስራል የሚለው ምክር እዚህም ተነሥቶ ነበር። ጨው ክር በሚነከርበት ጊዜ ቀለሙ እንዲይዝ ይረዳል፤ የሚለቅ ጨርቅን ግን ያቆመዋል ብሎ መተማመን አይቻልም። ከ14ቱ 11 ለመመለስ በቁ፣ 3ቱ በበረኪና ስለተበሉ ተተኩ።

ሳሙናውን ለማውጣት አቼቶ ያስፈልግ ነበር፤ ግን ከአቼቶ በፊት በረኪናው መውጣት አለበት። ሁለቱ ከተገናኙ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። በረኪና የነካቸው 6 አግዳሚዎች በንጹሕ ውሃ ብቻ ሦስት ጊዜ ተረጭተው ተሳቡና አንድ ቀን አደሩ። የበረኪና ሽታ ፈጽሞ ከጠፋ በኋላ ነው ወደሚቀጥለው የታለፈው፣ ያም በር ተከፍቶ።

ከዚያ 100 ሚሊ ሊትር ነጭ አቼቶ በ1 ሊትር ውሃ ተቀላቅሎ በሚረጭ ጠርሙስ ከስፌት እስከ ስፌት እንደ ጤዛ ተረጨ። ለአንድ መቀመጫ ግማሽ ሊትር ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ወደ ስፖንጁ ይወርዳል። መሐሉ ላይ ብቻ መርጨት አዲስ ክብ መስመር ይሠራል። አምስት ደቂቃ ቆይቶ ተሳበ፣ ከዚያም ቫኪውሙ ያለ ውሃ አራት ጊዜ ተመላለሰበት። በዚህ አንድ እርምጃ ሳሙናው ወጣ፣ የጆንያው መስመር ደበዘዘ፣ ቀዩም የእርድ ቀለም ወደ ቢጫ ተመለሰ።

ቅቤው ራሱ የቀረው እዚህ ላይ ነው። ቅባት በውሃ አይሄድም፤ ስለዚህ ጨርቁ እስኪደርቅ ተጠበቀ። የበቆሎ ስታርች በእድፉ ላይ በግማሽ ሳንቲ ሜትር ውፍረት ተነስንሶ፣ በማንኪያ ጀርባ ቀስ ብሎ ተጭኖ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ በቫኪውም ተነሣ። ይህ ሁለት ጊዜ ተደገመ። ለቀረው፣ 1 የሻይ ማንኪያ የሳህን ማጠቢያ ፈሳሽ በግማሽ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ተመትቶ አረፋው ብቻ በስፖንጅ ተነሥቶ፣ ከዳር ወደ መሐል እየተነካካ ተቀባ። ከዚያ በአቼቶው ውሃ ተጠርጎ ተሳበ። ቬልቬቱ ርጥብ እያለ በለስላሳ ብሩሽ ወደ ፀጉሩ አቅጣጫ ተበጠረ፤ ተኝቶ ከደረቀ እንደዚያው ይቀራል።

አንድ በርጩማ ላይ ግን ከዚህ ሁሉ በፊት ሰው ቤንዚን ሞክሮበት ነበር። ቅቤውን አነሣው፣ ማስቲሹንም አብሮ አሟሟው፤ የሟሟው ማስቲሽ ወደ ጨርቁ ወጥቶ የእጅ መዳፍ የሚያህል ቢጫ ነጥብ ሠራ። አልለቀቀም፣ አይለቅምም። ከሰል በሚነድበት ቤት ቤንዚን ማንሣቱን እንተወው።

የእርዱ ቢጫ ጥላ በ4 አግዳሚዎች ላይ ቀረ። ለእሱ ፀሐይ እንጂ ሌላ መድኃኒት አልተፈለገም፤ ኩርኩሚን በብርሃን ይነጣል። በነሐሴ ፀሐይ ስላልነበረ አግዳሚዎቹ ወደ መስኮቱ ተጠግተው ተተዉ፣ በመስከረም አጋማሽ ጥላው ጠፍቷል። በርበሬና ሚጥሚጣም የሚተዉት ቀይ ቀለም በቅባት የሚሟሟና ብርሃን የሚፈራ በመሆኑ መንገዱ ያው ነው፦ መጀመሪያ ቅባቱ፣ ቀጥሎ ፀሐይ። ቡና ይለያል። ቡናን አልካላይን ሳሙና ያጸናዋል፤ እሱ ገና ሳይደርቅ በአቼቶ ውሃ ነው የሚነሣው።

የሻገቱት 5 አግዳሚዎች ሌላ ታሪክ ናቸው። ሻጋታ የገባበት ስፖንጅ አይታጠብም፣ ይጣላል። ላዩ ቢጸዳም ውስጡ ያለው በሚቀጥለው ክረምት ይመለሳል። ሽፋናቸው በጥንቃቄ ተፈትቶ ታጠበ፣ ስፖንጅ፣ ጆንያና ቺፑድ ወጥተው ተወገዱ። ለነሐሴ 16 የደረሱት 9 አግዳሚዎች ነበሩ፤ ለቀሩት ቦታ የፕላስቲክ ወንበር ተደረደረ። የቤቱ ባለቤት አምስቱንም ጠርጎ ለማስገባት ፈልጎ ነበር፤ ባይሆን ይሻላል ተባለ፣ ተስማማ።

አምስቱ እንደገና ሲሠሩ

በቺፑዱ ቦታ 12 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ገባ፣ በየ15 ሳንቲ ሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ ተበስቶ። ቀዳዳው ስፖንጁ ከሥር እንዲተነፍስ ነው። በጆንያው ፈንታ ለገበያ ቦርሳ የሚውለው ያልተሸመነ ሰው ሠራሽ ጨርቅ ተነጠፈ፤ ሲርስ ቀለም አይለቅም። ስፖንጁ አልተጣበቀም፤ የራሱ ስስ ነጭ ከረጢት ተሰፋለትና ከላዩ ቬልቬቱ በዚፕ ተዘጋ። ዚፑ ከኋላ ነው፣ ሙሉውን 2 ሜትር፤ አጭር ዚፕ ስፖንጁን ሲያስወጣ ይቀደዳል። ጥለቱ ከመደገፊያው ጋር በቬልክሮ ብቻ ተያይዟል። ከመሰፋቱ በፊትም ታጥቦ ደርቋል፣ ምክንያቱም የሽመና ጥጥ መጀመሪያ ሲታጠብ ይሰበሰባል።

ፕላስቲክ በስፖንጁ ላይ ይልበስ የሚል ሐሳብ ነበር። ከላይ የሚፈስን ይከለክላል፣ እውነት ነው። ግን በስፌት የገባውን ውሃ ደግሞ አያስወጣም፣ ሲቀመጡበትም ይንኮሻኮሻል፣ ያልባል። አልተደረገም።

ሠሪው ከዚያው ጥቅል 3 ሜትር ቬልቬት ተርፎት እንዲያስቀምጥ ተደረገ። የሚቀጥለው ጥቅል ስሙ አንድ ሆኖ ቀለሙ ትንሽ ይለያል፤ ጎን ለጎን ሲቀመጥ ይታወቃል። ትራፊው ብዙም ሳይቆይ ሥራ ላይ ውሏል፦ ቡና ከሚፈላበት ጥግ ያሉ በርጩማዎች ላይ ፍም ወድቆ ፖሊስተሩን አቅልጦት ነበር፣ ለዚያ ከመለጠፍ በቀር መላ የለም። ረከቦቱና ምድጃው አሁን ከጨርቅ አንድ ሜትር ተኩል ርቀዋል።

የሌዘሯ ክፍል

እዚህ ብዙ የሚባል የለም። ወንበሮቹ ለረጅም ጊዜ በየቀኑ በሳኒታይዘር አልኮል ሲጠረጉ ቆይተዋል፤ ላያቸው እንደ ተቃጠለ ቆዳ ይላጣል። አርቲፊሻል ሌዘር በጨርቅ ላይ የተቀባ ስስ ሽፋን ነው። አልኮል፣ የፀጉር ቅባትና እርጥበት ሽፋኑን ይበሉታል፣ መላጥ ከጀመረ የሚመልሰው ቅባት የለም። ያልተላጡት በርጥብ ጨርቅና በጥቂት ፈሳሽ ሳሙና፣ ከዚያ በንጹሕ ውሃ፣ ከዚያ በደረቅ ጨርቅ እንዲጠረጉ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ያለው አያያዝ

እድፉ የሚበዛው የት እንደሆነ ሲታይ መልሱ ግልጽ ነበር፦ የመቀመጫው የፊት ጠርዝ፣ በተለይ ከታች በኩል፣ የእጅ ጣት የሚያርፍበት ከንፈር። በቅቤ የተነካ እጅ ሲነሣ ሶፋውን ይይዛል። እጅ መታጠቢያው አዳራሹ መጨረሻ ላይ በመሆኑ እንግዳው እስኪደርስ አራት ሶፋ ይነካል። አስተናጋጁ ከመብል በኋላ ርጥብ ፎጣ እንዲያቀርብ ተደረገ፤ ከሁሉ ርካሹ ለውጥ ይህ ነው፣ የቅቤ እድፍም በጣም የቀነሰው ከዚህ ወዲህ ነው።

ሌላው በቀንና በሳምንት ተከፈለ። ማታ ማታ የፈሰሰ ነገር ሳይደርቅ በነጭ ሶፍት ይጫናል፣ አይታሽም። በየማክሰኞው ሁሉም መቀመጫ በደረቅ ቫኪውም ይጠረጋል፣ ስንጥቁ ውስጥ ያለው አቧራም ጭምር፤ ይህ አቧራ ሲቀመጡበት የክሩን ሥር እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍገዋል። ጭቃ ግን በዕለቱ አይነካም፤ ደርቆ ነው በብሩሽ የሚረገፈው። የባለ ዚፖቹ መቀመጫዎች ፊት በየወሩ ይገለበጣል።

ትልቁ እጥበት ወደ ሁዳዴ ተዛወረ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ ቤቱ እንደ ፍልሰታው ሁሉ ጭር ይላል፣ ፀሐይና ደረቅ ነፋስ ግን አለ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ የበልግ ዝናብ ሳይጀምር፣ ባለ ዚፖቹ ሽፋኖች ወልቀው ይታጠባሉ፣ ስፖንጆቹ በጠርዛቸው ቆመው ይነፍሳሉ። አሮጌዎቹ 9 አግዳሚዎች ዚፕ ስለሌላቸው በአንድ ቀን ከሦስት በላይ አይነኩም፣ ውሃቸውም ለአንዱ ከአንድ ሊትር አያልፍም። በፍልሰታ የሚደረገው ደረቅ ሥራ ብቻ ነው፦ ቫኪውም፣ ስፌት፣ የላላ እግር ማጥበቅ።

ከዘጠኙ አንዱ አሁንም በዝናብ ቀን በትንሹ ይሸታል። ሥሩ ተከፍቶ ሲታይ ጆንያው ንጹሕ፣ ስፖንጁም ደረቅ ነበር፤ ሽታው ካበጠው ቺፑድ ዳር ነው የሚመጣው። በሚቀጥለው ሁዳዴ ኮምፔንሳቶ እንዲገባለት ለሠሪው ተነግሯል፤ እስከዚያ ከበሩ አጠገብ ይቆያል።